ሰው የገደለች ማኪና

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ጡረታቸውን ይዘው በረንዳ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። እኔ ገና ጢሜ በቅጡ አልበቀለም። ቢሆንም አንድ ሥራ ጀምሬ ጨርሻለሁ። የልብስ ስፌት ማኪና ጠጋኝ ነበርኩ፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን አይደለሁም። አሁን በአንድ ጤና ጣቢያ ቁስል ማጠብና ማሰር እየተማርኩ ነው። የወንድሜን የመሣሪያ ሣጥን ጎንደር አራዳ ገበያ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ሰጥቼ ስመለስ የእጄ ባዶነት አስፈራኝ። ሳልረሳው ልጻፈው አልኩ። የተማርኩት አሥረኛ ክፍል ድረስ ነው፤ መጻፍም አልለመድኩም። አንዳንድ ቦታ ከተደናቀፍኩ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ታከለ ነው። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ አያ ታከለ እለው ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝም፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እርሱ ነው። እርሱ ራሱ በጣሊያን ጊዜ የወታደር ልብስ በሚሰፋበት ቤት ወለል ይጠርግ ነበር። የማኪና ሆድ ሲከፈት ያየው እዚያ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ማኪኖቹ ተበተኑ። ግማሾቹ ጎንደር ቀሩ፤ ግማሾቹ በበቅሎ ተጭነው ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ፣ ከሊማሊሞም በታች ወረዱ። ከዚያ በፊት ነጋዴዎች ከምፅዋ በኩል ያመጧቸው በእጅ የሚዞሩ አሮጌዎችም ነበሩ። የሚጠግናቸው ግን አልነበረም። ወንድሜ በአንድ ካቻቢቴ፣ በአንድ ፒንሳና በአንዲት ቀጭን ሞረድ ጀመረ።

የምንሠራው አራዳ፣ ሐጅ ሰይድ ከሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ነበር። ኪራይ አንከፍልም፤ በምትኩ የሰፊዎቻቸውን ማኪኖች በነፃ እንጠግናለን። ገጠር ስንወጣ ደግሞ ዋጋችን አንዳንዴ ብር፣ አንዳንዴ ቅቤ ወይም ገብስ ነው።

ወንድሜ ማኪና ሲመጣለት ወዲያው አይከፍትም። ባለቤቱን «እስቲ ስፋ» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያዳምጣል። ሐጅ ሰይድ በዚህ ይስቁበት ነበር።

«ታከለ፣ ልትጠግናት ነው ወይስ ልታገባት? ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አያፍርም።»

«ሐጅ፣ ዓይኔ የሚያየው የላዩን ብቻ ነው» ይላቸዋል።

አዳምጦ ሲጨርስ የራሱን ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል። የፈታውን ሁሉ እንደ አፈታቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል። መጀመሪያ የፈታው በግራ ጫፍ፣ መጨረሻ የፈታው በቀኝ ጫፍ ይሆናል። ሲገጥም ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳል። አንድ ቀን ቡሎን ለማንሳት እጄን በጨርቁ ላይ አሳልፌ ሁለቱን አቀያየርኩበት። አልተቆጣም። ሁሉንም እንደገና ገጠመ፣ እንደገና ፈታ፣ እንደገና ደረደረ፤ እኔ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ በጨርቁ ላይ እጄን አሳልፌ አላውቅም።

ለማያውቅ ሰው ስለ አሮጌዎቹ ማኪኖች ትንሽ ልናገር። እንደ አሁኖቹ ክብ ቦቢን የላቸውም። ቦቢናቸው ቀጭንና ረጅም ነው፤ የሚቀመጠውም ጀልባ በምትመስል፣ ጫፏ በሾለ ብረት ውስጥ ነው። ወንድሜ ስሙን ከሸማኔ ወስዶ መወርወሪያ ይላታል። መርፌዋ የላዩን ክር ይዛ ትወርዳለች። ታች ደርሳ ትንሽ ቀና ስትል ክሩ ይረግብና ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት መወርወሪያዋ በቀለበቱ ውስጥ ሾልካ የታችኛውን ክር ታሳልፋለች። ሁለቱ ክሮች ተቆላልፈው ስፌት የሚሆነው እንዲህ ነው። መወርወሪያዋ ከመርፌዋ በፀጉር ስፋት ብትርቅ ወይም ብትዘገይ ቀለበቱ ያመልጣታል፤ ስፌቱም ይዘላል።

የታችኛውን ክር የሚይዘው በመወርወሪያዋ ጎን ያለች ትንሽ ሞላ ነው። ወንድሜ መወርወሪያዋን በክሩ አንጠልጥሎ እጁን ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል። ትንሽ ወርዳ እንደ ሸረሪት ከቆመች ሸጋ ነው። ተተርትራ መሬት ከነካች ሞላው ላልቷል። ጨርሳ ካልወረደች ጠብቋል። ሞላውን የምታጠብቀው ቡሎን ከሽንብራ ፍሬ ታንሳለች። ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ እንደገና ማንጠልጠል። እኔ ቸኩዬ ግማሽ ዙር ሳዞር «ቀስ፣ አንገቷ ነው» ይለኝ ነበር።

ሥራችን ሁልጊዜ አልሰመረም። ደባርቅ ላይ የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። አያ ሙሉ የሚባሉ ልብስ ሰፊ የመወርወሪያቸው ጫፍ ዶልዱሞ ክር ይበጥስባቸው ነበር። ወንድሜ ሁለት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ አልሆነም። ውጭ ወደ ጎንደር የሚመለሰው የጭነት ማኪና ጡሩንባውን ይነፋል። ወንድሜ ሞረዷን አንሥቶ ጫፉን ሞረደው። አምሮ ሾለ። ሲገጥመው ግን ጫፉ አጥሮ ነበርና መርፌዋ ጋ ሳይደርስ ቀለበቱ ያልፋል። ቢያቀርብ ቢያርቅ አንዲት ስፌት አልያዘም።

አያ ሙሉ «እንግዲህ ጣት አለኝ» አሉና በእጅ የሚሰፉበትን መርፌ ከጣሪያው ሣር መካከል ነቅለው አወጡ።  ዳባት ስንደርስ ወንድሜ «ከብረት የወሰድከውን ብረት አይመልስልህም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞረዷን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁን በሲባጎ አስሮ ከሣጥኑ ግርጌ አስቀመጣት። እርሷን ለማውጣት ሲባጎ መፍታት ነበረበት። «እስክፈታ ድረስ ልቤ ይመለስልኛል» ይል ነበር።

አሁን ወደ ድብ ባሕር እመጣለሁ። እዚህ ላይ ጽሑፉን ሁለት ቀን አቁሜው ነበር።

ድብ ባሕር ሊማሊሞን ወርደው መንገድ ዳር የሚያገኟት ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ እትዬ አትጠገብ የምትባል ሁለት ልጆች ያሏት ባሏ የሞተባት ሴት፣ በእጅ በምትዞር አሮጌ ማኪና ሱሪና ቀሚስ እየሰፋች ትኖራለች። ክረምቱ ሲበረታ ጣሪያዋ ስላፈሰሰ ማኪናዋን ከከብቶቹ ጋጥ በኩል አስጠግታት ከረመች። ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ ስፌቱ መዝለል ጀመረ። ወንድሜ ብቻውን ሄደ፤ እኔ ፈተና ነበረብኝ።

የሆነውን በኋላ ከእትዬ አትጠገብ ሰማሁ። ወንድሜ ማኪና ሲከፍት መጀመሪያ መርፌዋን ያወጣል። የመወርወሪያዋንና የመርፌዋን ርቀት ለመለካት ግን መርፌዋ መግባት አለባት። ከሥር ጨለማ ስለሆነ ወንድሜ የሚለካው በጣቱ ጫፍ ነበር። በግራ እጁ እያዞረ ቀኙን ከሥር አስገባ። መርፌዋ ጣቱን ወጋችው። ደሙን መጠጠ፣ የማኪና ዘይት ቀባበትና ሳቀ። «ተዋወቅን» አላት። ከዚያ ፈታት። የመወርወሪያዋ ሞላ ዝጎ ተሰብሮ ስላገኘው፣ አዲስ ሞላ ከጎንደር ይዤ እመለሳለሁ ብሎ የፈታውን በጨርቁ ላይ እንደ ደረደረው ትቶት ሄደ።

ሲመለስ ዳባት አጠገብ እናታችን ቤት አደረ። እዚያ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ቆሎ ማኘክ አቃተው። አገጩ ያዘው፤ ከዚያ አንገቱ፤ ከዚያ ጀርባው እንደ ቀስት ይገተር ጀመር። እናቴና ጎረቤቶቹ መጋኛ ነው አሉ። መጋኛ ሰውን በድንገት አንገቱን የሚይዝ ክፉ ነፋስ ነው ተብሎ ይታመናል። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ቀጥቅጠው አሸተቱት። ጣቱን ማንም አላየውም። ቁስሉ ደርቆ ነበር።

ተልኮብኝ ስደርስ በቃሬዛ ወደ መንገድ አወጣነው። ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ እጆቹን ገለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስካሁን እፈራዋለሁ። ወንድሜ አፉ ተቆልፎ፣ ዓይኑ ግን ሁሉን እያየ ሞተ።

ሐኪሙ በኋላ አስረዳኝ። ገዳዩ መርፌዋ ሳትሆን ከእርሷ ጋር የገባው እድፍ ነው፤ ከብት በሚያድርበት አፈርና እበት ውስጥ ይኖራል አለኝ። ገባኝ። ለእናቴም ነገርኳት። እርሷ ግን «ታዲያ እድፉን ማን አስገባው?» አለች።  ከዚያ በኋላ አራዳ በረንዳው ላይ ስቀመጥ እጄን ከማኪና ሥር ማስገባት አቃተኝ። ላዩን እጠርጋለሁ፣ ዘይት እጨምራለሁ፤ ከሥር የሚከፈት ሥራ ሲመጣ «ነገ» እላለሁ። ሐጅ ሰይድ ያዩኛል፤ አይቀልዱም።

ተዝካሩ እንዳለፈ ከድብ ባሕር በጭነት ማኪና ረዳት መልእክት ደረሰን። ባለ ደም ይምጣ የሚል ነው። በአገራችን ሰው የገደለ በሬ ሥጋው አይበላም። አንድ ሰው ይህን በማኪናዋ ላይ አነሣው። ሰው የገደለ ብረት የሰፋው ልብስ እንዴት ይለበሳል? ወሬው ተዛመተ። ሰዎች ያስያዙትን ጨርቅ ከእትዬ አትጠገብ ቤት መልሰው ወሰዱ። አዲስ የሚያመጣ ጠፋ። እርሷም ወደ አጥቢያ ዳኛው ሄዳ፣ ወይ ትሰበር ወይ ነፃ ትባል፣ እንዲህ ተሰቅዬ አልኖርም አለች። ፍርዱ ደግሞ ያለ ሟቹ ዘመድ አይሆንም።

እኔ ብቻዬን ልሄድ ነበር። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ሊማሊሞን በእግር አብረን ወረድን።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ካለ ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። አጥቢያ ዳኛው አያ ብርሃኔ መካከል፣ ቄስ መርሻ በቀኝ፣ ዓይናቸው የማይቆም አያ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ በግራ። ማኪናዋን በእንጨት አልጋ ላይ አድርገው አምጥተዋታል፤ ከነመዝጊያዋ፣ እንደ አስከሬን። አብሯት በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። 

«ሰው የገደለ ከብት ይገደላል፣ ሥጋውም አይቀመስም» አሉ ቄስ መርሻ። «ይህ የታወቀ ነው።»

«ከብትስ ይታረዳል» አሉ አያ ጓንጉል። «ይችን በየት በኩል እንረዳት?»

ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። አያ ብርሃኔ በትራቸውን መሬት መቱ።

«ሳቅ ይቁም። አትጠገብ፣ ተነሽ። ከዚህ በፊት ሰው ጎድታ ታውቃለች?»

ቄሱ ጨመሩበት። «በሬው ክፉነቱ አስቀድሞ ታውቆ ባለቤቱ ካላሰረው፣ ባለቤቱም ይጠየቃል። ስለዚህ እውነቱን ተናገሪ።»

እትዬ አትጠገብ እውነቱን ተናገረች። ሁለት እጆቿን ዘርግታ አሳየቻቸው።

«እኔን ስንት ጊዜ፣ አባቴ። ይኸው አውራ ጣቴ። ይኸው ሌባ ጣቴ። አምና ይችን ጥፍሬን ሰንጥቃታለች።»

 ከሰዉ ፊት የተናገረችው ምን እንዳመጣባት ገባትና እጆቿን ቀስ ብላ ወደ ነጠላዋ ውስጥ መለሰች። አያ ብርሃኔ ቄሱን አዩ፤ ቄሱ መሬት አዩ። እኔ ሳላስበው ተነሣሁ።

«አባቶቼ» አልኩ። «የልብስ ሰፊ ጣት... ያልተወጋ የለም። የአራዳን ሰፊዎች እጅ እዩ። ጣት በመውጋት ከተፈረደ ጎንደር አንድ ማኪና አይቀርም። ሁሉም ይሰበራሉ።»

«ይህስ ውሸት የለበትም» አሉ አያ ጓንጉል። «ባለቤቴ ሰፌድ ስትሰፋ ወስፌ መዳፏን አሳልፏት ያውቃል። ወስፌውን አላሰርነውም።»

እናቴ ተነሣች። 

«እኔ ስለ አራዳ ጣት አልመጣሁም» አለች። «ልጄ ይችን ነክቶ ቤቱ አልገባም። ትሰበር። ሌላ የምለው የለኝም።»

«እናቴ» አለች እትዬ አትጠገብ፤ ቀርባ ተንበረከከች። «እኔም ባሌን ቀብሬያለሁ። መሬት የለኝም፤ ያለችኝ ይች ናት። ካልሰፋሁ እነዚያን ልጆች ለሰው ቤት እሰጣለሁ። ልጅዎ ሊረዳኝ ነው የመጣ። እኔ አልገደልኩብዎም።»

እናቴ ፊቷን አዞረች።

«ባለ ደም ተናገረች» አሉ አያ ብርሃኔ። «ወንድምየውስ?»

ትሰበር ልል ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ብናገረው ጣጣው ያበቃል፣ እጄም ከእርሷ ይርቃል። እትዬ አትጠገብ ከማኪናዋ ጋር የመጣውን የተሸፈነ ነገር በዚያው ሰዓት ገለጠችው። የወንድሜ ነጭ ጨርቅ ነበር። በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አድርጋ፣ ሳታነቃንቀው፣ ከቤቷ እስከ ዋንዛው አምጥታዋለች። ቡሎኖቹ፣ ከመርፌዋ ሥር የምትንሸራተተው ክዳን፣ ቦቢኑ፣ በቀኝ ጫፍ መወርወሪያዋ። ከግራ ወደ ቀኝ። አቧራ ለብሰዋል እንጂ አንዱም ከቦታው አልተነካም።

«እመለሳለሁ ስላለኝ» አለች።

ወንድሜ ከፍቶ የተዋት ማኪና ሌላ አላውቅም።

«እርሱ የጀመረውን ልጨርስ» አልኩ። «ከዚያ እናቴ ትፍረድ።»

እናቴ «አንተንም?» ብቻ አለች።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ቄስ መርሻ ውሳኔውን ተናገሩ። ልጁ ይጨርሳት። እጁ ደህና ወጥቶ፣ ደህና ሰንብቶ ተመልሶ ከታየ፣ የእናትየዋ ቃል ፍርድ ይሁን። እስከዚያ ማኪናዋ ቄሱ ዘንድ ትቀመጥ።

ከሆስፒታሉ የሰማሁትን አስታውሼ መጀመሪያ ውኃ አስፈላሁ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ብረቶቹን አንድ በአንድ በላምባ አጠብኩ፤ ከጥርሶቿ መካከል የተጋገረውን እበትና የክር ብናኝ በዶሮ ላባ ጠረግኩ። አሮጌዋን መርፌ አውጥቼ አዲስ አፈላሁላት። ሞላው መሰበሩን ከመልእክተኛው ሰምቼ ነበርና ወንድሜ ሊያመጣ የሄደውን እኔ ይዤ መጥቻለሁ፤ ገጠምኩት። መወርወሪያዋን በክሩ ሳንጠለጥላት ተተርትራ ወረደች። ክርኔን በጉልበቴ ላይ አሳርፌ ደገምኩት። ሩብ ዙር አጠበቅኩ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ወርዳ ቆመች። አያ ጓንጉል «እች ሸረሪት» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ።

ቀጥሎ የቀረው ርቀቱን መለካት ነበር። መርፌዋ ገብታለች። ጣቴ ከሥር አልገባ አለ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እንጂ ፊቴን አታይም። ስንደዶ ሰጡኝ፤ በስንደዶ ሞከርኩ፣ ታጠፈ። ስንደዶ አይሰማም።  ሁሉም ይጠብቃሉ።

አስገባሁት። በግራ እጄ መዘውሩን እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ ብዬ አዞርኩ። መርፌዋ ስትወርድ ቀዝቃዛ ነገር በጥፍሬ ጎን አለፈ።  ቀና ስትል መወርወሪያዋ መጣች፤ ከመርፌዋ ዓይን ትንሽ ከፍ ብላ ማለፍ ሲገባት ከዓይኗ በታች ርቃ አለፈች። ጥፋቱ ከመወርወሪያዋ አልነበረም። መርፌዋን የያዘው ዘንግ ቡሎኑ ላልቶ ወደ ላይ ሸሽቷል። ጣቴን አወጣሁ፣ ዘንጉን ፀጉር ታህል ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፤ እንደገና አስገባሁ። አሁን አገኘቻት። በጣቴ ጫፍ ተሰማኝ፤ ብረት ብረትን ሊነካ ሲል፣ ሳይነካ።

ደስ ብሎኝ ጣቴን ቶሎ ሳብኩት። የመወርወሪያዋ ጫፍ ጫረችኝ።

ጥቂት ደም ናት። እናቴ አየቻት። አልጮኸችም፤ የእጄን አንጓ ያዘችና አለቀቀችኝም። እትዬ አትጠገብ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቁስሉን በፈላ ውኃና በሳሙና አጥቤ ካቲካላ አፈሰስኩበት። የሚያቃጥለው ነገር ሁሉ ጥሩ መሰለኝ። የቀረችውን ክዳን ገጥሜ ማኪናዋን ለቄሱ ተውኳት። በዚያው ቀን ወደ ጎንደር የሚወጣ የጭነት ማኪና አገኘን። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ ሊማሊሞን በማኪና ወጥታ አታውቅም፤ ገደሉን ትፈራለች። ያን ቀን ገደሉን አላየችም። ጣቴን በመዳፏ ይዛ ጣቴን አየች።

ሆስፒታል ሐኪሙ አወቀኝ። በቶሎ መምጣቴ መልካም ነው አለና መርፌ ወጋኝ። «ታዲያ አይመጣም?» አልኩት። «አይመስለኝም» አለኝ። እኔ የፈለግኩት «አይመጣም» የሚል ቃል ነበር። ቁስሌን የሚያስረው ነርስ ስጨነቅ አይቶ አስተሳሰሩን አሳየኝ፤ ጤና ጣቢያዎች ተማሪ እንደሚቀበሉም የነገረኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ እናቴ ዘንድ ሰነበትኩ። በየጠዋቱ ገና ሳልነሣ መጥታ «አፍህን ክፈት» ትለኛለች። እከፍታለሁ። ጉንጬን ትዳብሳለች፣ አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲያና ወዲህ ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ታጎርሰኝና እስክውጥ ቆማ ታያለች። እኔ ስነቃ መጀመሪያ የምሞክረው አፌን ነበር፤ እርሷ ሳትመጣ። አንድ ጠዋት አንገቴ ደነደነብኝ። በመጥፎ አተኛኘት ነበር፤ ግን እስኪለቀኝ ድረስ ከግድግዳው ተጣብቄ ቆምኩ። እርሷም አንገቴን አይታ ማድጋው ላይ ተቀመጠች፤ ማድጋው ተሰነጠቀ። ሳንስቅ ቀረን።

ወንድሜ የቆየውን ያህል ቆየሁ። ከዚያም አለፈ። ከዚያም ብዙ አለፈ። አንድ ቀን እናቴ አፌን ሳታይ ወደ ውኃ ወረደች። ስትመለስ «እንሂድ» አለችኝ።

ድብ ባሕር ገበያ ቀን ነበር። ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ሥር ሰው ሁሉ እያየ አቆሙኝ። አያ ብርሃኔ እጄን አገላብጠው አዩ፤ ቄስ መርሻ «ተናገር» አሉኝ፣ አፌ መከፈቱን ለማየት። ስሜን ተናገርኩ።

«እንግዲህ ቃሉ ያንቺ ነው» አሉ አያ ብርሃኔ እናቴን።

እናቴ ዞራ አየች። እትዬ አትጠገብ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች፤ አልለመነችም።

«አትሰበር» አለች እናቴ። «እኔ የእርሷን ስፌት አልለብስም። ሌላው ግን ይልበስ።»

ማኪናዋን ወደ እትዬ አትጠገብ ቤት መለሷት። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኛም ገባን። እትዬ አትጠገብ ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ መዘውሩን አዞረች። ድምፁ ሲጀምር እናቴ ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። ደጃፉ ላይ ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«እማ፣ እንሂድ» አልኳት። «የጭነት ማኪናው ይመጣል።»

ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶ ያየናል። ጨርቅ በብብታቸው የያዙ ሴቶች ራቅ ብለው ቆመው፣ አንዴ በሩን፣ አንዴ እናቴን ያያሉ።

«አሁን ከሄድን ፈርተው ሸሹ ይላሉ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ማንም አይገባላትም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«እንቁም።»

ቆምን። ከውስጥ ማኪናዋ ትሠራለች። እናቴ እጄን ይዛለች። ፀሐዩ ከዋንዛው አለፈ። ከሴቶቹ አንዷ ቀረበች፣ እናቴን እጅ ነሣች፣ ጨርቋን ይዛ በአጠገባችን አልፋ ገባች።